የጎረቤቴ ብልቃጥ

ፍሪጃችን የባለቤቴ ግዛት ነው። ሽንኩርትና ቲማቲም የማስገባው በእሱ ፈቃድ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ዕድሜውን በባቡር የጥገና ክፍል የጨረሰ ሰው ነው፤ የድሮው ባቡር ሲቆም እጁን የሚያሳርፍበት አጣና በቤት ዕቃ ላይ ዘመተ። ፍሪጁም ሰው የጣለው ነበር። አንሥቶ፣ ፈታትቶ፣ ገጣጥሞ ነፍስ ዘራበት። ከዚያ ወዲህ የሚከፍተው እሱ፣ የሚዘጋው እሱ፣ "በሩን አትበርግጂው፣ ብርዱ ይወጣል" እያለ የሚቆጣውም እሱ ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ ደግሞ የማይለግም ፍሪጅ ያለው ሰው የሰፈር ሹም ማለት ነው። በረዶ ፈላጊው ብዙ ነው።

በዚህ ፍሪጅ መካከለኛ መደርደሪያ ላይ የጎረቤቴ ኢንሱሊን ይቀመጥ ነበር። ጎረቤቴ ግድግዳ የምትጋራን፣ በዕድሜ ትንሽ የምትበልጠኝ፣ ባሏ ሞቶባት ከወንድ ልጇና ከምራቷ ጋር የምትኖር ሴት ናት። የስኳር በሽታ ከያዛት ቆይቷል። ጠዋትና ማታ በጓሮ በር ትገባለች፤ ባለቤቴ ብልቃጡን አውጥቶ ይሰጣታል፤ ወጥ ቤቴ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ራሷን በራሷ ትወጋለች፤ ከዚያ ወሬ ይጀመራል። ባለቤቴን "ሼፍ" ነው የምትለው። ወጥ ሠሪ ማለቷ አይደለም፤ በባቡሩ ዘመን አለቃው ሁሉ ሼፍ ይባል ስለነበር ነው። እሱ አለቃ ሆኖ አያውቅም፤ ግን ስትጠራው ፊቱ ላይ ደስታው ይታያል። ያ ብልቃጥ እሷን በሕይወት የሚያቆያት ነገር ነው። እኛን ደግሞ በቀን ሁለቴ በራችንን የሚያስከፍተን እሱ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ተረት ለእኛ ተረት አልነበረም፤ የጠዋትና የማታ ኑሯችን ነበር።

ይህን ሁሉ ያስጀመረችው ጥግ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ፋርማሲስት ናት። ከደጋ የመጣች ወጣት ሴት ናት፤ የምትኖረው ሳቢያን ሰፈር ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በባጃጅ ትመጣለች። መጀመሪያ የመጣች ጊዜ ሰፈሩ አልወደዳትም ነበር። አንደኛ፣ ሁሉንም ሰው "እርስዎ" ትላለች። እኛ ድሬዎች ደግሞ ለሽማግሌውም ለሕፃኑም "አንተ" ነን፤ "እርስዎ" ሲሉን ፍርድ ቤት የቀረብን ይመስለናል። ጎረቤቴ በመጀመሪያው ቀን፣ "አቦ፣ እርስዎ ምንድን ነው? ሁለት ሰው መሰልኩሽ እንዴ?" ብላታለች። ሁለተኛ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት አትሸጥም። ጉሮሮው የከረከረው ሁሉ "ያንን ቀይና ጥቁሩን እንክብል" እያለ ይመጣ ነበር፤ እሷ ግን ምንም ብትለመን ፍንክች አትልም። ሰዉ ተቆጥቶ ወጥቶ፣ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ እሷ ጋ ይመጣል። አልሸሹም ዞር አሉ።

የተመለሰበት ምክንያት አለው። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ሱቅ ሁሉ ይዘጋል፣ ሰው ሁሉ ጥላውን ፈልጎ ጋደም ይላል። እሷ ግን አትዘጋም። ደጃፏ ላይ ካለው የኒም ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር አስቀምጣ፣ የመጣውን ሰው የደም ግፊት ትለካለች። ለመለካት የመጣው ሳይመከር አይሄድም። የውኃ በርሜላችንን ክዳን እንድንከድን ያስለመደችን እሷ ናት። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ በየቤቱ በርሜል አለ፤ የደንጊን ትኩሳት የምታመጣው ትንኝ የምትፈለፈለው ደግሞ እዚያው ጠርቶ በተቀመጠው ውኃ ውስጥ ነው። ትኩሳቱ በገባ ጊዜ ደግሞ "ማስታገሻ ሁሉ አንድ አይደለም፤ አንዳንዱ ደም ያፈስሳል፤ ምርመራ ሳታደርጉ ጎረቤት የሰጣችሁን አትዋጡ" እያለች ጉሮሮዋ እስኪዘጋ ትለፈልፋለች። የተወጋንበትን መርፌ ደግሞ ወፍራም ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አጠራቅመን እንድናመጣላት ታደርጋለች፤ ቆሻሻ ለቃሚውን እንዳይወጋ።

አንድ ልማድ አላት። ማንኛውንም መድኃኒት ስትሰጥ "ይድገሙልኝ" ትላለች። ስንት ጊዜ፣ ከምግብ በፊት ወይስ በኋላ፣ ታስደግማለች። ትልልቅ ሰዎች እንደ ቄስ ተማሪ ቆመው ሲደግሙ አይቼ ስቄ አላውቅም ብል ውሸት ነው። ኢንሱሊን ሲሆን ደግሞ አንድ ጥያቄ ትጨምራለች፤ "የት ነው የሚያስቀምጡት?" ጎረቤቴ ይህን ስትጠየቅ ፍሪጅ አልነበራትም። ዞር ብላ ወደ እኔ ጠቆመች፤ "እሷ ቤት" አለች። "እንዳይሞቅ፣ በረዶም እንዳይሆን" አለች ፋርማሲስቷ። ጎረቤቴ ደገመች። ወደ ቤት ሄድን፣ ብልቃጡን ለባለቤቴ ሰጠነው። "ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ተብሏል" አልነው። እሱን ማንም አላስደገመውም።

ባለፉት ዓመታት ረመዳንና ሁዳዴ ሲገጣጠሙ ከርመዋል። ሙቀቱ ሊበረታ ሲጀምር ማለት ነው። ከተማው ሁሉ ጾመኛ፣ ከተማው ሁሉ ጥሙን የሚውጥ ይሆናል። በአንደኛው ዓመት ጎረቤቴን ሐኪሟ እንዳትጾም ነግሯት ነበር። ፋርማሲስቷም ወሩ ከመግባቱ በፊት አስቀምጣ፣ መርፌ እየተወጉ ሳይበሉ መዋል ስኳርን በድንገት ጥሎ እንደሚያዝለፈልፍ በትዕግሥት አስረድታታለች። ልጇም "እማ፣ ለታመመ ሰው እኮ ተፈቅዷል" ብሏታል። ሁሉንም አዳምጣ ጾመች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ ፊት ለፊት ነገርኳት፤ ሳቀችብኝ።

ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት ከተወጋች በኋላ ቤቷ ሳትደርስ ጓሮው ላይ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ላብ አጠመቃት። ስኳር በጥብጬ አጠጣኋት፣ ዳቦ አጎረስኳት። ነፍሷ መለስ ሲል ማልቀስ ጀመረች።

"የዚህን ሰፈር ልጆች ጾም ያስለመድኩ እኔ ነኝ" አለችኝ። "ምራቴን ሳይቀር። አሁን እኔ ቁጭ ብዬ ስበላ ይዩኝ? አላህስ ፈቅዶልኛል፤ እኔ ነኝ ያቃተኝ።"

አንጀቴን በላችው። "እኔ ጋ ብዪ" አልኳት። "ማንም አያይሽም። ጠዋት ስትወጊ ትበያለሽ፣ ቀን ብቅ ብለሽ ትበያለሽ። ለሰው የምትነግሪው ያንቺ ጉዳይ ነው።"

እንዲህ ሆኖ ነው እኔ በሁዳዴ እንቁላል ጠባሽ የሆንኩት። እሷ በረመዳን፣ እኔ በሁዳዴ፤ ሁለታችንም ጾመኞች፣ መጥበሻው ግን ፍስክ። የቅቤው ሽታ ሲያውደኝ ፊቴን ወደ መስኮት አዞር ነበር። ስትጨርስ አፏን ተጉመጥምጣ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ የጾመኛ ፊቷን ለብሳ ትወጣለች። ቤቷ ገብታ "ደከመኝ" ትላለች፤ ያዝኑላታል። ባለቤቴ እንኳ እስከ መጨረሻው አላወቀም፤ ስትወጋ ብልቃጡን መልሶ ይወጣል፣ ከፍሪጁ በቀር ወጥ ቤት የእኔ ግዛት ነው።

የእሱ ግዛት ግን ጭንቅ ላይ ነበር። መብራት እየመጣ ይሄድ ጀመር። በዚያ ላይ ለአፍጥር የሚሆን በረዶ የሚፈልገው ሰው በዛ። ባለቤቴ በትንንሽ ፌስታል ውኃ እያሰረ ፍሪዘሩን ሞላው፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሰፈሩ ሕፃናት ተሰልፈው ይወስዳሉ። መብራቱ በጠፋ ቁጥር ግን የጎረቤቴ ብልቃጥ ነበር የሚያስጨንቀው። አስቦ አስቦ አንድ ብልሃት አገኘ። መብራት ሲጠፋ ብርዱን ለረጅም ጊዜ የሚይዘው በረዶ የሞላው ፍሪዘር ነው። ስለዚህ የተከፈተውንም ያልተከፈተውንም ብልቃጥ ወስዶ በረዶው መካከል ቀበረው። ለማንም አልነገረም። ጥሩ ሥራ የሠራ ሰው ምን ያወራል?

እንዲያውም ይበልጥ ደግ ሆነ። ጎረቤቴ ከመምጣቷ ቀደም ብሎ ብልቃጡን ያወጣና በሁለት እጁ ጨብጦ ይቀመጣል፤ ቀዝቅዞ ሲወጋት እንዳያማት። ስትደርስ ለብ ብሎ፣ ቀልጦ ይጠብቃታል። "ሼፍ፣ አላህ ይስጥህ" ትለዋለች፣ ትወጋለች። እኔም በጎን እያየሁ፣ እንዲህ ያለ እንክብካቤ በትዳራችን ዘመን ለእኔ መቼ ደርሶኝ ያውቃል እያልኩ እቀልድበት ነበር።

ጎረቤቴ ግን እየጠወለገች ሄደች። ወጥ ቤት ገብታ መጀመሪያ የምትፈልገው ውኃ ሆነ። ጣሳውን በአንድ ትንፋሽ ትጨርስና እንደገና ትዘረጋለች። ሽንት ቤት ትመላለሳለች። ቀሚሷ ሰፋት። "ሙቀቱ ነው" ትላለች፤ እኔም አመንኳት። በዚያ ወር ድሬ ላይ ያልተጠማ ሰው ማን አለ? ሁሉ ሰው ከንፈሩ በደረቀበት ከተማ የእሷ ጥም ተለይቶ እንዴት ይታወቅ? ቤተሰቦቿ ደግሞ ጾሙ ነው ብለው ደመደሙ። ልጇ በየቀኑ "ጾምሽን ፍቺ" እያለ ይለምናታል፤ እሷ "ደህና ነኝ" ትላለች።

አንድ ቀን፣ ለአፍጥር ጥቂት ሲቀር፣ መጋላ ሰፈር የምትኖረው ሴት ልጇ ሳምቡሳ ይዛ ስትመጣ እናቷን ግድግዳ ተደግፋ አገኘቻት። የልጅቷን ጩኸት ሰምተን ሮጥን። የጎረቤቴ ዓይን ግማሹ ተከድኖ ነበር፤ ከጥልቅ እየሳበች ትተነፍሳለች፤ ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ባጃጅ ላይ ጫንናት፣ እኔ ጭንቅላቷን እቅፌ ላይ አድርጌ ሆስፒታል ደረስን። ስኳሯ ሲለካ መሣሪያው ሊያነበው ከሚችለው በላይ ሆነ። ሐኪሙ ሲጠይቅ ተከትሎን የመጣው ወንድ ልጇ፣ "ትጾማለች፤ ብንለምናት እምቢ አለች" ብሎ አለቀሰ። በዚያ ድካሟ ውስጥ ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ምን እንደምትለኝ ገባኝ። አፌን ያዝኩ።

ፈጥነው ረድተዋት በማግስቱ መናገር ጀመረች። ልጇ መጥቶ ምሥራቹን ነገረን፤ "ስትወጣ በግድ እናበላታለን፤ መድኃኒቷን እንደ በፊቱ ትቀጥላለች" አለ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፈራሁ። ምክንያቱም ይህች ሴት እንዳልጾመች የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በልታለች፣ ተወግታለች፣ ሆኖም ወድቃለች። ስለዚህ ስትመለስ ብትበላም ባትበላም እንደገና ትወድቃለች፤ ምናልባትም አትነሣም። ምስጢሯን ብጠብቅ እሷን አጣለሁ ብዬ አሰብኩና ነጠላዬን አጣፍቼ መድኃኒት ቤት ሄድኩ።

ፋርማሲስቷ የአንድ ሽማግሌ ግፊት እየለካች ነበር። እስክትጨርስ ጠብቄ፣ ወደ ውስጥ ገብተን፣ ሁሉንም ነገርኳት፤ እንቁላሉን፣ ዳቦውን፣ ውኃውን። ለማንም እንዳትነግር አስምዬ። አዳመጠችኝና፣

"እሳቸው ከበሉና ከተወጉ ቀሪው መድኃኒቱ ነው" አለች። "ብልቃጡን ያምጡልኝ። አሁኑኑ፤ እሳቸው ከሆስፒታል ሳይወጡ።"

ወደ ቤት ሄጄ ለባለቤቴ፣ ፋርማሲስቷ መድኃኒቱን ማየት ትፈልጋለች አልኩት። "እኔ ራሴ እወስደዋለሁ፤ አንቺ በፀሐይ ይዘሽው ትዞሪያለሽ" አለኝ። ሸሚዙን ቀየረ። ትልቁን ፔርሙዝ አወረደ። እኔ ጫማዬን ሳደርግ ወጥ ቤት ውስጥ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ ምን እንደሚያደርግ አላየሁም።

መድኃኒት ቤቱ ስንደርስ ፔርሙዙን በኩራት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው። እሷ ከፈተችው። እስከ አፉ የተሞላ የተፈረካከሰ በረዶ ነበር፤ ብልቃጦቹ መሐሉ ተቀብረዋል።

"መብራት ቢጠፋም ባይጠፋም እንዲህ ነው የምጠብቅላት" አላት ባለቤቴ። "ከፍሪዘር ወጥቶ አያውቅም።"

እጇን ፔርሙዙ ላይ እንዳደረገች ቀረች።  ከዚያ አንዱን ብልቃጥ አውጥታ፣ በመዳፏ አሙቃ፣ ቀስ ብላ አንከባለለችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣችው። ከራሷ ፍሪጅ ደግሞ አዲስ አውጥታ እንደዚያው አደረገች። አዲሱ እንደ ወተት አንድ ወጥ ሆነ። የእኛ ግን እንደ ተበላሸ ወተት ተቆራርጦ ነበር፤ ፍርፋሪው መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ማስረዳት አላስፈለጋትም፤ ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ የተበላሸ ነገር ሲለይ የኖረ ሰው ነው።

"ገደልኩት?" አላት።

"በረዶ ሲሆን ኃይሉ ይጠፋል" አለች በቀስታ። "ቢቀልጥም አይመለስም። ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። እኔ የት እንደሚቀመጥ የጠየቅኩት እሳቸውን ነው፤ ያስደገምኩትም እሳቸውን ነው። መጠየቅ የነበረብኝ ፍሪጁን የሚከፍተውን ሰው ነበር።"

ከዚያ ስልክ አንሥታ ለጎረቤቴ ልጅ ደወለች። ስለ ጾሙ ምንም አላለችም። መድኃኒቱ በአቀማመጥ መበላሸቱን፣ ለሐኪሙ ዛሬውኑ እንዲነግር፣ አዲስ እንደሚያስፈልግ ብቻ ነገረችው። ባለቤቴ ወጥቶ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ፔርሙዙን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ አልተነሣም። ሊያስለቅሰኝ የፈለገ ሰው ያን ቀን የእሱን እጅ ቢያሳየኝ ይበቃው ነበር፤ ያን ሁሉ ጠዋት ብልቃጥ ያሞቀ እጅ።

ቤት ገባን። የመጡትን ሕፃናት "በረዶ የለም" ብሎ መለሳቸው። በማግስቱ ወደ ፋርማሲስቷ ብቻውን ሄዶ፣ ፍሪጅ የሌላቸው ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ጠየቃት። ሸክላ ውስጥ ሌላ ሸክላ፣ በመካከሉ እርጥብ አሸዋ፣ ጥላ ቦታ፣ ላዩ ላይ እርጥብ ጨርቅ፤ ለተከፈተው ብልቃጥ ይበቃል አለችው። ያልተከፈተውን ፋርማሲስቷ ራሷ ጋ እንድታቆይላት ተስማሙ። ቀፊራ ገበያ ወርዶ ሁለት ሸክላ መረጠ፤ እንደ ሐብሐብ እያንኳኳ። አሸዋውን ከደረቀው ወንዝ አምጥቶ፣ አጥቦ፣ ነፍቶ አዘጋጀ። ከመድኃኒት ቤቱ በተዋሰው ቴርሞሜትር ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ እየለካ ፈተነው።

"ይሄ በረዶ አያደርግም፣ አይሞቅም፣ መብራት አይፈልግም" አለኝ። "ከእንግዲህ የሰው ነፍስ በእጄ አልይዝም።"

ጎረቤቴ ከሆስፒታል በወጣች ቀን ሸክላውን ተሸክሞ ቤቷ ገባ። እኔ ከኋላው ነበርኩ። ልጇ፣ ሴት ልጇ፣ ምራቷ ነበሩ። ሳይቀመጥ፣ "ያሳመመሽ ጾሙ አይደለም፤ እኔ ነኝ። ፍሪዘር ውስጥ አስገብቼ አበላሸሁብሽ" አላት።

ልጇ ፊቱ ተለዋወጠ። ተቆጣ፤ ባለቤቴ ትልቅ ሰው ስለሆነ ዋጠው እንጂ ሊናገር ነበር። ከዚያ ግራ ገባው። "ጾሙም እኮ..." ሲል ጎረቤቴ ከአልጋዋ ቀና አለች።

"ጾሙን ተወው" አለችው። "የማን ጾም? እኔ እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ እንቁላል ስበላ ነው የከረምኩት። ወላሂ፣ እሷ እየጠበሰችልኝ።"

 ባለቤቴ ዞሮ እኔን አየኝ። መጀመሪያ የሳቀችው ምራቷ ናት፤ አፏን በሻሿ ይዛ፣ "እኛ ደግሞ ደከማት ብለን በእግራችን ጫፍ ስንሄድ!" አለች። ሁሉም ሳቁ፤ ልጇ ሳይቀር። እኔ ግን ሆዴ ባባ። ያን ያህል ስትደብቀው የነበረውን ነገር ለእሱ ብላ አወጣችው፤ ብቻውን እንዳይቆም።

ቢሆንም ልጇ ቁርጡን ተናገረ። "ከእንግዲህ እዚሁ ይቀመጣል፤ ሸክላው ይበቃናል" አለ፤ በትሕትና ግን በማያወላዳ ቃል። ባለቤቴ "ትክክል ነው" ብሎ ወጣ። 

ኢድ መጣ፣ እኛም ፋሲካን አከበርን፤ እሷ ጋ ተበላ፣ እኛ ጋ ተበላ። ከበዓሉ በኋላ ግን የጓሮው በር ዝም አለ። የምትመጣበት ምክንያት የለማ። በእርግጥ በግድግዳው እንጠራራለን፤ "ደህና አደርሽ?" "አልሀምዱሊላህ።" ግን በርጩማው ባዶውን ይውላል። ባለቤቴ ጠዋት በዚያች ሰዓት ወጥ ቤት ይገባና፣ ፍሪጁን ከፍቶ መካከለኛውን መደርደሪያ አይቶ ይዘጋል። "ብርዱ ይወጣል" ልለው እያልኩ እተወዋለሁ።

ብልቃጧ አልቆ አዲስ የምትቀበልበት ቀን እኔም ግፊቴን ልለካ መድኃኒት ቤት ነበርኩ። ባለቤቴ አብሮኝ መጥቷል፤ ወደ ውስጥ ግን አልገባም፣ የኒሙ ጥላ ሥር ቆሞ ባጃጆቹን የሚቆጥር መስሏል። ፋርማሲስቷ አዲሱን ብልቃጥ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

"የት ነው የሚያስቀምጡት?" አለቻት፤ መልሱን እያወቀች፣ ልማዷ ስለሆነ ብቻ።

ጎረቤቴ ዞራ በእጇ ወደ ደጅ ጠቆመች። "እሱ ቤት።"

ፋርማሲስቷ ግራ ተጋባች። "ሸክላው እኮ በደንብ ይሠራል፤ ለክተነዋል።"

"ይሠራል፤ እሱ የሠራው ነገር መቼ ሳይሠራ ቀርቶ ያውቃል?" አለች ጎረቤቴ። "ውኃ ሞልቼ ደጃፌ ላይ አውጥቼዋለሁ፤ መንገደኛ ይጠጣበታል። መድኃኒቱንስ ሸክላው ይጠብቀው ነበር። እኔን ማን ይጠብቀኛል?"

"ልጅሽስ?" አልኳት።

"ነግሬዋለሁ። ገብቶታል።" ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠራችው። "ሼፍ! ና አንዴ።"

እየቀፈፈው ገባ። ፋርማሲስቷ ብልቃጡን ለጎረቤቴ አልሰጠችም፤ ለእሱ ዘረጋችለት። እጁን ቶሎ አላወጣም። ጎረቤቴ ክንዱን ገፋ አደረገችው፤ ያኔ ተቀበለ።

"መካከለኛው መደርደሪያ" አለችው ፋርማሲስቷ። "የኋላውን ግድግዳ ሳይነካ። ፍሪዘር ውስጥ አይገባም። መብራት ቢጠፋ በሩን አይክፈቱት። ጥርጣሬ ካለ አምጥተው ያሳዩኝ። ይድገሙልኝ።"

ባቡር ቤት እያለ አለቃ ሲያዘው እንኳ "ገብቶኛል" ብሎ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነው። መድገም የሚባል ነገር አያውቅም። ያን ቀን ግን ቀጥ ብሎ ቆመ።

"መካከለኛው መደርደሪያ" አለ። "ግድግዳውን ሳይነካ። ፍሪዘር ውስጥ..." ብልቃጡን አየት አደረገ። "ፍሪዘር ውስጥ አይገባም።" ከዚያ በላይ ሊቀጥል አልቻለም። እንባው በጉንጩ ወረደ፤ ሁለት እጁ ብልቃጡን ስለያዘ ሊጠርገው አልቻለም።

የቀረውን ጎረቤቴ ደገመችለት። ከዚያ ሦስታችን በኒሙ ጥላ በኩል ወደ ቤት ሄድን፤ እሱ ከፊት፣ ብልቃጡን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አድርጎ። እኛ ከኋላው ቀስ ብለን ነበር የምንሄደው፤ ምሽት ላይ ምን እንደምሠራላት እየጠየቀችኝ።